«ኢቃማዋ ሊያልቅ ነው»፦ በሰው አገር ቆይታን ስለማራዘም

በዚህ ወር የምናነሣው ጉዳይ ከብዙዎቻችን ቤት የራቀ አይደለም። ከመካከላችን ሳዑዲ ዐረቢያ እህት፣ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ የሌለው ማን አለ?

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። የዐስር ሶላት ተሰግዶ ተማሪዎቻችን ሲበተኑ አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው ወደ መድረሳው በር መጡ። ልጃቸው ሪያድ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ናት፤ ሁለት ዓመቷን ልትደፍን ነው። አሠሪዋ የጻፈችላትን የዐረብኛ መልእክት ለእናቷ ልካዋለች። እናትየውም «ኡስታዝ፣ እስቲ ይችን ያንብቡልኝ፤ የልጄ ድምፅ አላማረኝም» አሉን።

መልእክቱ አጭር ነበር። ውሉ ሊያልቅ መሆኑን፣ አሠሪዋ በቀድሞው ደመወዝ ልታድስላት ፈቃደኛ መሆኗን፣ ካልተስማማች ግን ወደ አገሯ እንደምትሸኛት ይገልጻል። ከሥሩ ልጅቷ በድምፅ የላከችው ሌላ መልእክት አለ። ጅዳ ያለች ጓደኛዋ «ከቤቱ ጠፍተሽ ነይ፤ በነፃ ስትሠሪ እጥፍ ታገኛለሽ፤ ኢቃማ ምን ያደርግልሻል?» ብላታለች። እናትየው አንገታቸውን ደፍተው «ምን ልበላት? የቤቱ ግድግዳ ቆሟል፤ የቀረን ቆርቆሮው ነው» አሉን።

በዚያ ቀን መልስ አልሰጠንም። የሰው ልጅ ዕጣ በአንድ ቃላችን ሊወሰን ስለሚችል፣ አስቀድመን ከዚያ የተመለሱትን ጠየቅን፤ ሕጉንም አገላበጥን። ለእናትየው የነገርናቸውን ለእናንተም እናካፍላችኋለን።

ቪዛ ቃል ኪዳን ነው

ብዙ ወጣቶች ቪዛን የሚያዩት እንደ ወረቀት ብቻ ነው። በመድረሳ ፊቅሕ የተማርን ሰዎች ግን «አማን» የሚለውን ቃል እናውቀዋለን። አማን ማለት የአንድ አገር ሰዎች ለእንግዳ የሚሰጡት የደኅንነት ቃል ነው። ሊቃውንቱ ይህ ቃል ሁለቱንም ወገን እንደሚያስር አስተምረዋል፤ ባለ አገሩ እንግዳውን አይበድልም፣ እንግዳውም የገባበትን ቃል አያፈርስም። የዘመናችን ብዙ ዑለማም ቪዛን የሚያዩት በዚሁ ሚዛን ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ መጀመሪያ ምእመናንን ውላቸውን እንዲሞሉ አዟል፤ የውሉ ሌላኛ ወገን ማን እንደሆነም ለይቶ አላስቀረም።

በእንግድነት መኖር ለእኛ ኡማ አዲስ ነገር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጧኢፍ ተገፍተው ሲመለሱ ወደ መካ የገቡት በሙጥዒም ኢብኑ ዐዲ ጥበቃ ሥር ሆነው ነበር። ሙጥዒም ሙስሊም አልነበረም፤ ቢሆንም ልጆቹን አስታጥቆ እስከ ካዕባ ድረስ ሸኛቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከበድር ዘመቻ በኋላ እንኳ ውለታውን አልረሱለትም። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብና (ረ.ዐ.) ባልደረቦቹም በነጃሺ አገር፣ በእኛው በሐበሻ ምድር፣ ከ10 ዓመት በላይ በአማን ኖረው፣ ወደ መዲና የደረሱት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ኸይበር በተከፈተበት ወቅት ነው። የእነዚያን ሶሐቦች ቆይታ ያራዘመው ንጉሡ የሰጣቸው ፈቃድና እነርሱም ለዚያ ፈቃድ የነበራቸው ታማኝነት ነው።

እንግዲህ ቆይታን ማራዘም መፈለግ በራሱ ነውር አይደለም። ጥያቄው በየትኛው በር የሚለው ነው።

ካርዱ ሌላ፣ ፈቃዱ ሌላ

በመጀመሪያ መለየት ያለበት ቪዛና ኢቃማ ነው። ቪዛ ማስገቢያ ነው፤ ኢቃማ ደግሞ መኖሪያ ነው። በሥራ ቪዛ የገባ ሰው በ90 ቀን ውስጥ ኢቃማ ሊወጣለት ይገባል። ይህን የሚያስፈጽመው አሠሪው ሲሆን ፈቃዱን የሚሰጠው ጀዋዛት የተባለው የፓስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። «ገብቻለሁና ጨርሻለሁ» ብሎ ሦስት ወር ያሳለፈ ሰው በሌላ ሰው ቸልተኝነት ሕገ ወጥ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው፣ በእጅ የሚያዘው የኢቃማ ካርድ ለ5 ዓመት የሚያገለግል ፕላስቲክ ቢሆንም ፈቃዱ ግን በየጊዜው በኮምፒዩተር ይታደሳል። ስለዚህ ካርዱ በኪስ መኖሩ ፈቃዱ መኖሩን አያረጋግጥም። ትክክለኛው ቀን የሚታየው «አብሸር» በተባለው የመንግሥት የስልክ አገልግሎት ነው። ስሙ እናቶቻችን ወሎ ውስጥ «አብሽር፣ አይዞህ» የሚሉት ያው ቃል ነው። ልጃችሁ በስሟ አብሸር ከፍታ ቀኑን በዓይኗ ካላየች ግን አይዞሽ የሚባልበት ጊዜ ገና ነው። ቀኑ በሂጅራ ከተሰጠም ልብ በሉ፤ የሂጅራው ዓመት ከእኛ አቆጣጠር በ11 ቀን ገደማ ያጥራል።

ሦስተኛው የእድሳት ዕዳ የማን ነው የሚለው ነው። በሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 40 የኢቃማና የሥራ ፈቃድ ማውጫ፣ የማደሻና የመዘግየት መቀጫ በአሠሪው ላይ ይወድቃል፤ ውሉ ሲያልቅ የመመለሻ ትኬቱም እንዲሁ። የእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትንና የመኖሪያና የሥራ ፈቃድን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ኢቃማ ሳይታደስ ሲዘገይ ለመጀመሪያ ጊዜ 500፣ ለሁለተኛ ጊዜ 1,000 ሪያል ያስቀጣል፤ ሦስተኛው ከአገር ያስወጣል።

በሮቹ ስንት ናቸው?

ቆይታን ለማራዘም በሕግ የተከፈቱት በሮች እንደየሰው ሁኔታ ይለያያሉ።

የኩባንያ ሠራተኛ፦ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 14 ቀን 2021 ጀምሮ በግል ድርጅት የሚሠራ የውጭ ዜጋ ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ ያለ አሠሪው ፈቃድ ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር ተፈቅዶለታል። ውሉና ዝውውሩ «ቂዋ» በተባለው የመንግሥት መድረክ ይፈጸማል። የመውጫና መመለሻ ቪዛም (ኹሩጅ ወዐውዳ) ራሱ መጠየቅ ይችላል፤ ክፍያው ለሁለት ወር 200 ሪያል ሆኖ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ወር 100 ይጨመርበታል።

የቤት ሠራተኛ፦ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። በ2021 የወጣው ለውጥ የቤት ሠራተኞችን፣ የቤት ሾፌሮችን፣ አትክልተኞችንና እረኞችን አይጨምርም። የእነርሱ ውልና ዝውውር የሚከናወነው «ሙሳነድ» በሚባለው መድረክ ሲሆን በተለምዶ የአሠሪው ስምምነት ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ደመወዝ ለሦስት ወር ካልተከፈለ ወይም አሠሪው በሐሰት «ጠፋች» ብሎ ካስመዘገበ፣ ያለ እርሱ ፈቃድ የሚዛወሩበት መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት የ24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ይደነግጋል፤ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝንም ይከለክላል። ሕጉ መኖሩና በቤት ውስጥ መፈጸሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከተመለሱ እህቶቻችን ሰምተናል። ቢሆንም መብቱን የሚያውቅና የማያውቅ ሰው አይተካከሉም።

ተማሪ፦ እ.ኤ.አ. በ1961 (1381 ሂጅራ) የተመሠረተው የመዲና ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ከብዙ አገሮች የመጡ ወጣቶችን በነፃ ሲያስተምር ኖሯል። መካ ያለው ኡሙል ቁራ፣ ሪያድ ያለው የሴቶች ብቻ የሆነው የልዕልት ኑራ ዩኒቨርሲቲም የውጭ ተማሪ ይቀበላሉ። እዚህ ኢቃማውን የሚያወጣውና የሚያሳድሰው ዩኒቨርሲቲው ነው። ተማሪው ከትምህርቱ ከተሰናበተ ወይም ከጨረሰ ግን መኖሪያውም አብሮ ያበቃል። ማመልከቻው ዕድሜንና የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀቱ ከወጣ ስንት ዓመት እንደሆነ ስለሚጠይቅ «ትንሽ ሠርቼ እማራለሁ» የሚል ወጣት በሩ ሊዘጋበት እንደሚችል ይወቅ።

ቤተሰብ፦ ሥራው የሚፈቅድለት ነዋሪ ሚስቱንና ልጆቹን በኢቃማው ሥር ማስመዝገብ ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 በነፍስ ወከፍ በወር 100 ሪያል የነበረው የቤተሰብ ክፍያ በየዓመቱ እያደገ በ2020 400 ደርሷል። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት ሰው በዚህ ስሌት በዓመት 19,200 ሪያል ይከፍላል ማለት ነው። እዚያ የተወለደ ልጅም የሳዑዲ ዜግነት አያገኝም። ወላጆቹ በሪያድ ኤምባሲያችን ወይም በጅዳ ቆንስላችን ማስመዝገብና ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ማውጣት አለባቸው።

ጎብኚና ዑምራ አድራጊ፦ በቤተሰብ ጉብኝት የገባን ሰው ቀን በአብሸር በኩል የሚያራዝመው የጋበዘው ነዋሪ ነው፤ ይህም ገደብ አለው። የዑምራ ቪዛ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ30 ወደ 90 ቀን ከፍ ተደርጓል። ከዚያ በላይ ግን አይራዘምም፤ ወደ ሥራ ኢቃማም አይለወጥም፤ ሐጅም አይደረግበትም። የሐጅ ወቅት ሲቃረብ ዑምራ አድራጊዎች የሚወጡበት የመጨረሻ ቀን በየዓመቱ ይታወጃል።

ልዩ ኢቃማ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረው ልዩ ኢቃማ ያለ አሠሪ ዋስትና ለመኖር የሚያስችል ሲሆን ዘላቂው 800,000 ሪያል፣ የአንድ ዓመቱ 100,000 ሪያል ነው። በጥር 2024 ለባለ ልዩ ሙያዎች፣ ለባለ ሀብቶችና ለባለ ንብረቶች ሌሎች ዓይነቶች ተጨምረዋል። ይህ በር የአብዛኛው ወገናችን እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የጻፍነው ደላላ «በትንሽ ብር ልዩ ኢቃማ አስወጣልሃለሁ» ሲል እንዳትታለሉ ነው።

በየመን በኩል በጀልባና በበረሃ የገባ ወንድማችንስ? ለእርሱ የሚራዘም ነገር የለም፤ መጀመሪያውኑ የተሰጠው ቀን የለምና።

«በነፃ መሥራት» ነፃ ነውን?

ሠራተኛ ከአሠሪው ቤት ሲጠፋ አሠሪው «ሁሩብ» ብሎ ያስመዘግባል። ከዚያ በኋላ ኢቃማው አይታደስም፤ እንደ ልብ ወደ ሌላ አሠሪ አይዛወርም። ያለ ኢቃማ የባንክ ሒሳብ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ለእናት የሚላከው ገንዘብ በማይታወቅ ሰው እጅ ያልፋል። የታመመ ሰው ሆስፒታል ይፈራል። የወለደች እህት ለልጇ የልደት ወረቀት ለማውጣት ትቸገራለች። ደመወዟን የከለከላት ሰው ደግሞ ፖሊስ እጠራብሻለሁ ይላታል፤ እርሷ ግን በማን ላይ ትከሰው? እጥፍ ደመወዝ የተባለው ይህ ሁሉ ሳይቀነስበት ነው።

በስተመጨረሻ ተርሒል አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 የምሕረቱ ጊዜ አልቆ ፍተሻ ሲጀመር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን መመለሳቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ቦሌ ላይ በነጠላ ጫማ የወረዱ፣ ሻንጣቸውን ያላነሡ ብዙዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት መጨረሻ 2017 ሌላ የ90 ቀን ምሕረት ታወጀ፤ በዚያ ጊዜ በፈቃዱ የወጣ ሰው ያለ ቅጣትና ያለ አሻራ እገዳ የመመለስ ዕድል ነበረው። ብዙዎች «ይራዘም ይሆናል» እያሉ ቆዩ። በእርግጥም ተራዘመ፤ ከዚያ አለቀ። በግዳጅ የተመለሰ ሰው አሻራው ስለሚያዝ ለሥራ ተመልሶ እንዳይገባ ይታገዳል።

ስለ ዑምራም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ቀኑን አሳልፎ ተደብቆ ሐጅ የማድረግ ሐሳብ በየከተማችን ይወራል። በ1445 ሂጅራ ሐጅ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ማለት ነው፣ በዚያ ከባድ ሙቀት 1,301 ሰዎች ሞቱ። የሳዑዲ ጤና ሚኒስትር እንደገለጹት ከእነዚህ 83 በመቶው የሐጅ ፈቃድ የሌላቸው ነበሩ። ፈቃድ የሌለው ሰው የቀዘቀዘ ድንኳንም፣ የሚሳፈርበት አውቶቡስም አልነበረውም፤ ረጅሙን መንገድ በፀሐይ በእግሩ ሄደ። አላህ ይማራቸው። በ2025 የወጣው ቅጣት ያለ ፈቃድ ሐጅ ለሚያደርግ እስከ 20,000 ሪያል፣ ከአገር መባረርና የ10 ዓመት እገዳ ነው። ሐጅ የተደነገገው ለቻለ ሰው መሆኑን ልጆቻችን በመድረሳ በመጀመሪያ ዓመት ይማራሉ፤ እኛ አዋቂዎች ግን እንዘነጋዋለን።

አንዳንድ ወጣት «አሠሪው ራሱ ውሉን አፍርሷል፤ እኔን ምን ያስረኛል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከተበደለ ሰው «ታገሥና ተገዛ» የሚል ሃይማኖት የለንም፤ የሠራተኛ ደመወዝ መከልከል በኢስላም ከከባድ በደሎች ነው። የተደበደበችና የተራበች እህት ነፍሷን ታድን፤ ወደ ኤምባሲው፣ ወደ ቆንስላው፣ ወደ ፖሊስ ትሂድ። ይህ ከበደል መሸሽ ነው። በሰላም እየኖሩ፣ እየተከፈለ፣ ለተጨማሪ ገንዘብ ሲባል ቃል ማፍረስ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አናደባልቅ።

የቤተሰብ ድርሻ

ከተመለሱት እህቶች የሰማነውና እንቅልፍ የነሣን ግን ይህ ነው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የጠፉት በራሳቸው ፍላጎት ብቻ አይደለም። «ሁሉም ቤት ሠራ፤ አንቺስ?» የሚል የስልክ ጥሪ ከቤት ይመጣ ነበር። ልጅቷ መመለስ ብትፈልግ እንኳ ባዶ እጇን መግባት ታፍራለች። እዚያ ፈቃዱ ሲያልቅ፣ እዚህ የቤቱ በር የተዘጋ መስሎ ይታያታል። ስለዚህ ትጠፋለች። እኛም «ልጃችን ጎበዝ ናት፤ ነፃ ወጣች» እያልን በሠርግ ላይ እናወራለን።

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ስትደውል ስንት ላከች ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቋት። አብሸር ላይ የሚታየው ቀንሽ መቼ ነው? ፓስፖርትሽ በማን እጅ ነው፣ መቼስ ያልቃል? ደመወዝሽ እስከ የትኛው ወር ተከፍሏል? የኢቃማዋና የፓስፖርቷ ፎቶ፣ የውሏ ቅጂ፣ የአሠሪዋ ስምና ስልክ ቁጥር በቤታችሁ ይቀመጥ። ፓስፖርቷ ሊያልቅ ግማሽ ዓመት ሲቀረው ማሳደስ ትጀምር፤ ያለ ፓስፖርት ኢቃማ ይሰናከላልና። ስለ መቆየት ወይም ስለ መመለስ የምትመካከሩት ደግሞ ቀኑ ከማለቁ ሦስት ወር አስቀድሞ ይሁን። በሕግ ያለ ሰው ምርጫ አለው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን የሚመርጡለት ሌሎች ናቸው።

መመለስም ምርጫ ነው። የመጨረሻ መውጫ ቪዛ (ኹሩጅ ኒሃኢ) የተመታለት ሰው ለመውጣት 60 ቀን አለው። በዚያ ጊዜ ደመወዙን አስከፍሎ፣ ዕቃውን ልኮ፣ ተሰናብቶ ይወጣል። በሕግ የወጣ ሰው ነገ በአዲስ ውል ተመልሶ መግባት ይችላል።

እናትየውስ?

በሦስተኛው ቀን እናትየው ተመለሱ። ከላይ ያሉትን ሦስት ጥያቄዎች ከእርሳቸው ጋር ሆነን ለልጅቷ ላክንላት። 52 ቀን ቀርቷት ነበር። ደመወዟ ከአንድ ወር በቀር ተከፍሏል። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አልተመታችም፤ አልተራበችም። እንግዲህ ያላት ሦስት መንገድ ነበር፤ ደመወዝ ተደራድሮ ማደስ፣ በሙሳነድ ወደ ሌላ ቤት መዛወር፣ ወይም መመለስ። ጅዳ የተጠራችበት አራተኛው መንገድ ከዝርዝሩ ውጭ ነው።

ልጅቷ ጭማሪ ጠየቀች፤ አልተሰጣትም። እንድትዛወር ጠየቀች፤ አሠሪዋ አልፈቀደችም። ያን ጊዜ እናትየው ስልኩን ከእጃችን ወስደው ራሳቸው ተናገሩ፦ «ልጄ፣ ቆርቆሮው ይቆየኝ፤ አንቺ ነይልኝ።»

ቀሪ ደመወዟንና ትኬቷን ተቀብላ፣ በራሷ ፓስፖርት፣ ሻንጣዋን በእጇ ይዛ ገባች። ቤቱ እስከ ዛሬ ጣሪያ አልወጣለትም። ጎረቤት አንዳንድ ነገር ማለቱ አልቀረም። ልጅቷ ግን ከመግሪብ በኋላ ከእናቷ ጋር እራት ትበላለች፤ ሌላ ውል ብትፈልግም በሩ አልተዘጋባትም።

አላህ በሰው አገር ያሉ ልጆቻችንን ሁሉ ይጠብቅልን፤ የሚቆዩትን በአማን ያቆይልን፤ የሚመለሱትንም በክብር ያስገባልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።